ለሩጫ የማይሆን ሙቀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጀማሪ ሯጮችን ማሠልጠን ከጀመርኩ ወዲህ በሙቀት ወራት አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም፦ «ዛሬ እንውጣ ወይስ ይቅር?» ከታች ያሉት መልሶች ከዚያ ጥያቄ የመጡ ናቸው። በሁሉም ውስጥ የምመላለስበት አንድ ነገር አለ፤ ውሳኔው ማለቅ ያለበት ጫማ ከመታሰሩ በፊት ነው። ሰውነት ሲግል አእምሮም አብሮ ይግላል። መንገድ ላይ «ልቀጥል ወይስ ላቁም» ብሎ የሚፈርደው ደግሞ ያው የጋለው አእምሮ ነው።

ስንት ዲግሪ ሲሆን ነው ሩጫው የሚቀረው?

አንድ ቁጥር ብሰጥዎ ደስ ባለኝ፤ ግን አይሆንም። አየሩ ደረቅና ነፋሻ በሆነበት ጠዋት 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ በዝግታ የሮጠ ሰው በሰላም ይመለሳል። ወበቅ በተጫነበት፣ ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀን ደግሞ 27 ዲግሪ ላይ የሚወድቅ አለ። ቴርሞሜትር የሚነግረን የአየሩን ሙቀት ብቻ ነው። ሰውነታችን ሙቀቱን ማራገፍ መቻል አለመቻሉን ግን ከአየሩ ሙቀት ሌላ እርጥበቱ፣ ነፋሱና የፀሐይ ጨረሩ ይወስኑታል። ከእነዚህ ላይ እርስዎ ራስዎ ይጨመራሉ፤ ምን ያህል እንደሚፈጥኑ፣ ሙቀቱን ምን ያህል እንደለመዱ፣ ትናንት ማታ እንዴት እንዳደሩ።

ቁጥር ካልሰማ ለማያርፍ ሰው ግን አንድ ድንበር አለኝ፤ 35 ዲግሪ። የቆዳችን ሙቀት በዚያው አካባቢ ነው። አየሩ ከቆዳችን ሲሞቅ ከሰውነታችን ሙቀት መቀበሉን ትቶ መስጠት ይጀምራል፤ ፊትን ሲያበርድ የነበረው ነፋስም ወላፈን ይሆናል። ያን ጊዜ የቀረን መሣሪያ ላብ ብቻ ነው፤ ላቡ መትነን ካልቻለ ምንም አልቀረንም።

ላቤ እየወረደ ነው፤ እየቀዘቀዝኩ ነው ማለት አይደለም?

አይደለም። የሚንጠባጠብ ላብ ውሃና ጨው ማባከን ነው፤ የሚያቀዘቅዘው ከቆዳ ላይ የሚተነው ነው። ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ በሒሳብ ልሞክረው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ወደ 60 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። ጡንቻው ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ከዚህ ሩብ ያህሉን ቢሆን ነው፤ የቀረው 45 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ሆኖ ውስጥ ይቀራል። የዚህን ሰው አካል በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 50 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይበቃል። እንግዲህ ሙቀቱ ጨርሶ መውጫ ባያገኝ በ37 ዲግሪ የጀመረው ሰው አራተኛውን ኪሎ ሜትር ሳይጨርስ 40 ዲግሪ ይገባል ማለት ነው። ይህን የሚያህል ምድጃ ነው ተሸክመን የምንሮጠው።

በጤና ወደ ቤት የምንመለሰው 1 ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። አየሩ አስቀድሞ በውሃ ተን ከተሞላ ግን ላቡ የሚሄድበት የለውም። ልብስዎ ተነክሮ፣ ጫማዎ ውስጥ እየተንቦጫረቀ፣ ውስጥዎ መጋሉን ይቀጥላል። ይህ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመጣ ከድሮ ጀምሮ ይታወቃል። በ1912 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የስቶክሆልም ኦሊምፒክ ማራቶን ወደ 32 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ሲካሄድ ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ ላዛሮ ወደ 30ኛው ኪሎ ሜትር ሲቃረብ ወደቀ፤ በማግሥቱም አረፈ። ፀሐይ እንዳያቃጥለው ገላውን ሰም መሰል ነገር ተቀብቶ እንደነበር ተጽፏል። እውነት ከሆነ የላቡን በር በገዛ እጁ ነበር የዘጋው።

የአየር ትንበያው ላይ ብዙ ቁጥር አለ፤ የትኛውን ልይ?

በመቶኛ የሚጻፈው አንጻራዊ እርጥበት ብዙ ሰው ያሳስታል። ማለዳ 90 በመቶ አይቶ የደነገጠ ሰው ከሰዓት በኋላ 45 በመቶ አይቶ ይደፋፈራል። በአየሩ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ያው ሊሆን ይችላል፤ አየር ሲሞቅ ውሃ የመያዝ አቅሙ ስለሚያድግ መቶኛው ብቻ ነው የወረደው።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው የጤዛ ነጥቡን ነው። አየሩ ስንት ዲግሪ ድረስ ቢቀዘቅዝ ጤዛ መቋጠር እንደሚጀምር የሚናገር ቁጥር ነው፤ አብዛኞቹ የአየር ሁኔታ መተግበሪያዎች ላይ ዝቅ ብለው ከፈለጉ ያገኙታል። ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ላብ እንደልቡ ይተናል። 18 ሲያልፍ ሁሉም ሰው ይሰማዋል። ከ21 በላይ ፍጥነት የሚባል ነገር ከሐሳቤ አወጣለሁ። 24 ከደረሰ እኔ ሠልጣኞቼን ይዤ አልወጣም፤ ይህ የራሴ ድንበር ነው፣ ጠበቅ ያለ ነው የሚሉኝም አሉ።

ሁለተኛው «የሚሰማ ሙቀት» ተብሎ የሚቀመጠው ቁጥር ነው። ሙቀትንና እርጥበትን አንድ ላይ አድርጎ ያሰላል። 32 ዲግሪ ከ40 በመቶ እርጥበት ጋር እንደ 33 ሲሰማ፣ ያው 32 ዲግሪ ከ70 በመቶ ጋር እንደ 41 ይሰማል። በዚህ ቁጥር ላይ ሰው የሚዘነጋው ነገር ቢኖር፣ ስሌቱ ጥላ ውስጥ ላለ ሰው መሆኑን ነው። በቀጥታ ፀሐይ ላይ እስከ 8 ዲግሪ ሊጨመርበት ይችላል። ሩጫው ራሱ የሚያመነጨው ሙቀት ደግሞ ከነጭራሹ በስሌቱ ውስጥ የለም።

በውድድርና በትልልቅ ልምምዶች ላይ የሚሠራበት መለኪያ ሦስተኛው ነው፤ ዌት በልብ ግሎብ ቴምፕሬቸር ይባላል። በ1950ዎቹ በአሜሪካ የጦር ማሠልጠኛዎች ምልምል ወታደሮች በሙቀት እየወደቁ ሲያስቸግሩ የተፈጠረ ነው። ሦስት ቴርሞሜትሮች አሉት፦ አንዱ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ አንዱ በጥቁር ሉል ውስጥ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ፣ አንዱ ተራ። የእርጥቡ 70 በመቶ፣ የጥቁሩ 20 በመቶ፣ የተራው 10 በመቶ ተወስዶ ይደመራል። ተራው ቴርሞሜትር፣ ሰው ሁሉ የሚያምነው፣ ከመቶ አሥር ብቻ መያዙን ልብ ይበሉ። ለምሳሌ አየሩ 30፣ እርጥቡ 24፣ ጥቁሩ 45 ቢያሳይ ውጤቱ 28.8 ነው። በሌላ ደረቅ ቦታ አየሩ 34፣ እርጥቡ 18፣ ጥቁሩ 50 ቢሆን ውጤቱ 26 ይመጣል። በአየሩ ሙቀት 4 ዲግሪ የሚበልጠው ቀን ለሯጭ የቀለለ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ መለኪያ ከ18 በታች ሲሆን በነፃነት ይሮጣል፤ ከ18 እስከ 23 ጥንቃቄ፤ ከ23 እስከ 28 አደጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ማሳጠርና ማዝገም፤ ከ28 በላይ መተው። 28 ላይ ውድድር መሰረዝ ወይም ማዘግየት ለረጅም ዓመታት በስፖርት ሕክምና መመሪያዎች ሲመከር የኖረ ድንበር ነው። መሣሪያው ለሁሉም ሰው እጅ የሚገባ አይደለም፤ አንዳንድ የአየር ሁኔታ ገጾች ግን ግምቱን አስልተው ያወጣሉ።

እሺ፣ ቁጥሩን አየሁ። እንዴት ልወስን?

እኔ የማደርገውን ልንገርዎ። ማታ ከመተኛቴ በፊት የነገውን ትንበያ በየሰዓቱ አየዋለሁ። የማየው ስወጣ የሚኖረውን ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ሩጫው በሚያልቅበት ሰዓት የሚኖረውንም ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሲወጣ 24 ዲግሪ የነበረ ቀን ሲመለስ 30 ሆኖ ይጠብቀዋል፣ ያም የሚደርሰው ድካሙ በበዛበት ሰዓት ነው።

የሚሰማው ሙቀት ከ27 በታች ከሆነ እንደ ዕቅዱ እሄዳለሁ። ከ27 እስከ 32 ባለው ርቀቱን አሳጥራለሁ፣ የፍጥነት ልምምድ ከሆነም ወደ ሌላ ቀን አዛውረዋለሁ። ከ32 በላይ የሚወጣው ሙቀቱን የለመደ፣ ጤነኛ፣ በጥላማ መንገድ ለአጭር ጊዜ ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ብቻ ነው። ከ39 በላይ ማንም አይወጣም፤ ከእኔ ጋር ክርክርም የለበትም። ቀኑ ጠራራ ከሆነ፣ ነፋስ ከሌለ፣ ወይም መንገዱ አስፋልት ብቻ ከሆነ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ እቆጥራለሁ። አስፋልት በጠራራ ፀሐይ ከ50 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ያ ሙቀት ከእግር ሥር ይነሳል።

ከዚያ የመመለሻ ሕግ አወጣለሁ፤ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። «30 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ቢደላኝም አልቀጥልም።» «የልብ ምቴ ከዚህ ካለፈ በእግሬ እመለሳለሁ።» መንገዱንም ከቤት ወይም ከውሃ ብዙ የማያርቅ ዙር አደርገዋለሁ። 8 ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ሄዶ መመለስ በሙቀት ቀን ትልቅ ስህተት ነው፤ ሰው ግማሽ ላይ ሆኖ ሲደክመው ያለው ምርጫ ያንኑ ያህል መመለስ ብቻ ይሆናል።

ጠዋት ይሻላል ወይስ ማታ?

ማለዳ። የቀኑ ዝቅተኛ ሙቀት የሚመዘገበው ፀሐይ ስትወጣ አካባቢ ነው። ሰው ቀትር ላይ የሚሞቅ ይመስለዋል እንጂ አየሩ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛው ሙቀት ላይ የሚደርሰው ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጨረሩ ግን ቀትር ላይ ይበረታል። ስለዚህ አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዘንበል አለች ብሎ የወጣ ሰው የቀኑን ሁሉ ሙቀት ያጠራቀመ አየርና መሬት ይቀበለዋል። በከተማ ደግሞ ግንቡና አስፋልቱ ቀን የጠጡትን ሙቀት እስከ ምሽት ድረስ ይተፉታል። የመኪና ጭስ በፀሐይ ተለውጦ የሚፈጥረው ኦዞን የተባለ ጋዝም ከሰዓት በኋላ ስለሚበዛ አስም ላለበት ሰው ይህ ሁለተኛ ምክንያት ነው።

የማለዳው ጉድለት ወበቁ ነው፤ እርጥበት የበዛበት አካባቢ ከሆነ ንጋት ላይም አየሩ ሊከብድ ይችላል። ቢሆንም ማለዳ ጨረሩ ገና ስላልበረታ ምርጫዬ አይለወጥም።

ሙቀት ለመልመድ ስንት ቀን ይፈጃል?

ከ10 እስከ 14 ቀን። ይህ የፅናት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሰውነት በእርግጥ ይለወጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደሙ ፈሳሽ መጠን ይጨምራል፣ የልብ ምቱም ይረጋጋል። ከዚያ ላብ ቀደም ብሎ መውጣት ይጀምራል፣ መጠኑ ይበዛል፣ ጨዋማነቱ ይቀንሳል። የሚገርመው ይህ ሁሉ የሚመጣው በእረፍት ሳይሆን በልኩ በመሞቅ መሆኑ ነው። ከ20 ደቂቃ ሶምሶማ ይጀምሩ፤ በየቀኑ ጥቂት እየጨመሩ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ያድርሱት።

አደጋው የሚበዛው በሙቀት ወራት መጀመሪያ ላይ፣ ከብርድ አገር ወደ ሙቅ አገር በተሄደ በመጀመሪያው ሳምንትና ድንገተኛ ሙቀት በመጣባቸው ቀናት ነው። 30 ዲግሪ በወቅቱ መጨረሻ ላይ ቀላል ሊሆን፣ በወቅቱ መግቢያ ላይ ግን ሊጥል ይችላል። የተገኘው ልምምድም አይከርምም፤ ለአንድ ወር ያህል ሙቀት ያላየ ሰው እንደ አዲስ መጀመር አለበት።

እኔ ጠንካራ ሯጭ ነኝ። ይህ ሁሉ ለጀማሪ አይደለም?

ጥንካሬ ይረዳል፤ ግን የፊዚክስ ሕግ አይሽርም። እንዲያውም ብርቱው ሯጭ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብዙ ሙቀት ስለሚያመነጭ፣ እልኸኛም ስለሚሆን፣ በ10 ኪሎ ሜትር ፉክክር ውስጥ ከዝግተኛው ቀድሞ ሊወድቅ ይችላል።

በኳታር ዋና ከተማ በዶሃ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በ2019 የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀትን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ላይ ተጀመረ። ፀሐይ አልነበረችም፤ አየሩ ግን 32 ዲግሪ ገደማ፣ እርጥበቱም ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከ68ቱ ተወዳዳሪዎች 28ቱ አቋረጡ፤ ከእነሱ መካከል ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ነበሩ። አሸናፊዋ የገባችው በ2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ነው፤ በዚያው ዓመት በጥር 2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ሮጣ ነበር። የዓለም ምርጥ ሯጭ 15 ደቂቃ ከዘገየች እኛ የራሳችንን ሰዓት ለማስከበር የምንታገለው ለምንድን ነው? ከሳምንት በኋላ በዚያው ከተማ የወንዶቹ ማራቶን ሲደረግ እርጥበቱ ቀንሶ ስለነበር ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አሸነፈ፣ ሞስነት ገረመው ተከተለው። ከተማው ያው፣ ሰዓቱ ያው፤ ለውጡን ያመጣው በዋናነት የአየሩ ክብደት ነው።

ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም ከዚያ ትምህርት ወስዶ የቶኪዮ ኦሊምፒክን ማራቶን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሳፖሮ አዛወረው። እዚያም ቢሆን ሙቀቱ ስላልቀረ የሴቶቹ ውድድር መነሻ ከታቀደው አንድ ሰዓት ቀደም እንዲል በዋዜማው ምሽት ተወሰነ።

ፍጥነቴን ስንት ልቀንስ?

ሰንጠረዥ አልሰጥም። ማራቶን በደንብ የሚሮጠው 10 ዲግሪ አካባቢ ባለ አየር ነው፤ ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ዲግሪ ዋጋ ያስከፍላል፣ ዋጋው ግን ከሰው ሰው ይለያያል። በሙቀት ጊዜ ደም ለጡንቻም ለቆዳም መዳረስ ስላለበት ልብ በዚያው ፍጥነት ላይ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ስለዚህ የእጅ ሰዓትዎን ከፍጥነት ወደ ልብ ምት ይቀይሩት፤ የልብ ምቱ በቀዝቃዛ ቀን ከሚለምዱት እንዳያልፍ አድርገው ፍጥነቱን ይተዉት። መሣሪያ ከሌለዎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጡ መናገር መቻልዎን ይሞክሩ። ካቃተዎ ይራመዱ። መራመድ በሙቀት ቀን የልምምዱ አካል ነው።

ምን ያህል ውሃ ልጠጣ?

ሲጠማዎ ይጠጡ። ከመውጣትዎ በፊት ሽንትዎ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ በቂ ውሃ አለዎት። ከ1 ሰዓት ለሚያንስ ቀላል ሩጫ ብዙ ሰው በመንገድ ላይ ውሃ ባይጠጣም ይመለሳል፤ በሙቀት ግን ይዞ መውጣት ያዋጣል፣ ቢያንስ ራስ ላይ ለማፍሰስ።

እዚህ ላይ የማሳስበው ውሃ በግድ መጋትም እንደሚገድል ነው። ደም ውስጥ ያለው ጨው ሲቀጥን አንጎል ያብጣል። በ2002 የቦስተን ማራቶን 488 ሯጮች ሲጨርሱ ደማቸው ተመርምሮ 13 በመቶዎቹ የደም ሶዲየማቸው (ጨዋቸው) ከልክ በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋናው ምልክትም በውድድሩ ወቅት ክብደት መጨመር ነበር። ሩጫ ጨርሰው ሲመዘኑ ከመነሻው ከከበዱ ከመጠን በላይ ጠጥተዋል ማለት ነው። ለረጅም ሩጫ ጨው ያለው መጠጥ ጥሩ ነው፤ ከመጠን በላይ ከጠጡት ግን እሱም አያድንም።

ደግሞም ውሃ ጠጪ ሰው በሙቀት አይመታም የሚለውን እምነት ይተዉ። በ40 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ፣ የውሃ ጥማት ሳይመጣ፣ የሰውነት ሙቀት ከ40 ሊያልፍ ይችላል።

ኮፍያ፣ ልብስ፣ ራስ ላይ ውሃ ማፍሰስስ?

ቀለል ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ፈካ ያለ ቀለም ያለው ልብስ ይልበሱ። ላብ ለማብዛት ብሎ ወፍራም ወይም ላስቲክ ልብስ ደራርቦ መሮጥ ክብደት አይቀንስም፤ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው፣ አደጋውም እውነተኛ ነው። ውሃ ራስና አንገት ላይ ማፍሰስ ደረቅ አየር ላይ ብዙ ይጠቅማል፤ በወበቅ ቀን ጥቅሙ ያንሳል። ከመውጣት በፊት የተፈጨ በረዶ ያለበት መጠጥ መጠጣት ውስጥን ስለሚያበርድ ጥቂት ጊዜ ይገዛልዎታል።

ከሌሎች ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት ማን ነው?

ትኩሳት ወይም ተቅማጥ የነበረበት ሰው፣ ከዳነም በኋላ ለጥቂት ቀናት። ሌሊቱን እንቅልፍ ያላገኘ ወይም ሲጠጣ ያመሸ። ከዚህ በፊት በሙቀት የወደቀ። ክብደቱ ከፍ ያለ፣ በዕድሜ የገፋ፣ ነፍሰ ጡር፣ ልብ ወይም ስኳር ያለበት። ልጆችን በተመለከተ ደግሞ ሕፃን ራሱን ስለማይቆጣጠር አዋቂው ቀድሞ ማስቆም አለበት።

መድኃኒቶችን ሰው ይረሳቸዋል። ለአለርጂ የሚወሰዱ አንዳንድ ክኒኖች ላብን ይቀንሳሉ። ሽንት የሚያበዙ የደም ግፊት መድኃኒቶች ውሃ ያሳጣሉ። ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጠው ቤታ ብሎከር የልብ ምትን ስለሚይዝ ሰዓትዎ ላይ የሚያዩት ቁጥር ያታልልዎታል። ለድብርትና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም የሰውነትን ሙቀት መቆጣጠሪያ ያውካሉ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፤ ሐኪምዎን ግን በሙቀት እንደሚሮጡ ይንገሩት።

እየሮጥኩ ምን ሲሰማኝ ላቁም?

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ጭው ማለት፣ የጡንቻ መሸማቀቅ፣ ከወትሮው የከበደ ድካም። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሙቀት ውስጥ ሆኖ ብርድ ብርድ ማለትና ቆዳ መኮማተር። ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ወደ ጥላ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይቀዝቅዙ፤ በሩጫ ወደ ቤት አይመለሱ።

ግን እውነቱን ልናገር፤ ከባዱ ሁኔታ ሲመጣ ሰውየው ራሱ አይሰማውም። አንድ ቀን ከፊቴ ይሮጥ የነበረ ሰው ቀጥ ያለውን መንገድ ትቶ ወደ ጎን ሲሳብ አየሁ። «ደህና ነህ?» ስለው «በጣም ደህና ነኝ» አለኝ። ስንተኛው ዙር ላይ እንደሆንን ጠየቅሁት። ገና የጀመርን መስሎት ነበር፤ ሰባተኛው ላይ ነበርን። ያን ቀን ተቀምጦ፣ ውሃ ፈሶበት ተመለሰልን። ከዚያ ወዲህ በሙቀት ቀን ማንንም ለብቻው አልልክም፤ «ደህና ነህ?» ብዬም አልጠይቅም። የሚጠየቀው መልሱ የሚረጋገጥ ነገር ነው፦ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነን?

ላብም አያታልልዎ። በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የስዊዘርላንዷ ጋብሪኤላ አንደርሰን ሺስ የመጨረሻውን 400 ሜትር እየተንገዳገደች ከ5 ደቂቃ በላይ ስትፈጅ፣ ሐኪሞቹ ላቧ ገና እየወጣ ነው ብለው እንድትጨርስ ተዋት። እሷ ዳነች። ዛሬ ግን በሩጫ ምክንያት በሙቀት የሚመታ ሰው ብዙ ጊዜ በላብ እንደተጠመቀ እንደሚወድቅ ይታወቃል፤ «ቆዳው ደረቅ ካልሆነ አያሰጋም» የሚለው ምክር የተሳሳተ ነው።

አብሮኝ የሚሮጥ ሰው ቢወድቅስ?

ሙቀት ውስጥ ሲሮጥ የነበረ ሰው ከቀባዠረ፣ ጠባዩ ከተለወጠ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ሂት ስትሮክ (ለሕይወት የሚያሰጋ በሙቀት መመታት) እንደሆነ ቆጥረው ይነሱ። አምቡላንስ ይጠራ፤ ግን አምቡላንሱን እየጠበቁ አይቁሙ። ደንቡ «መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ» ነው። የሰውየው ዕጣ የሚወሰነው ሙቀቱ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ብቻ ሳይሆን ለምን ያህል ደቂቃ ከፍ ብሎ እንደቆየ ነው፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ መውረድ አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ እስከ አንገቱ ድረስ በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ገንዳ፣ በርሜል፣ የልጆች መዋኛ፣ ያገኙትን። አንድ ሰው ከብብቱ ሥር ደግፎ ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ይያዝ፣ ሌላው ውሃውን ያማስል። ገንዳ ከሌለ ውሃ ሳያቋርጡ ያፍስሱበት፣ ያራግቡት፤ በበረዶ ውሃ የተነከሩ ፎጣዎች በራሱ፣ በደረቱ፣ በብብቱና በብሽሽቱ ላይ እያደረጉ በየ2 ደቂቃው ይቀያይሩ። ራሱን ለሳተ ወይም ለሚቀባዥር ሰው የሚጠጣ አይስጡ። የትኩሳት ማስታገሻ ክኒን እዚህ አይሠራም። በግንባርና በጆሮ የሚለኩ ቴርሞሜትሮችም ከሩጫ በኋላ ትክክለኛውን አይናገሩም፤ 38 አየሁ ብለው እንዳይዘናጉ።

ይህ ሥራ ሕይወት እንደሚያተርፍ ማስረጃው በማሳቹሴትስ ፋልማውዝ በነሐሴ ሙቀት የሚካሄደው የ11 ኪሎ ሜትር ውድድር ነው። በ18 ዓመት ውስጥ 274 ሰዎች በሂት ስትሮክ ወደ ሕክምና ድንኳኑ ገቡ፤ በበረዶ ውሃ ተነከሩ፤ አንድም አልሞተም።

የተረፈ ሰው ቢያንስ ለ7 ቀን ምንም ልምምድ አይሥራ፤ የሚመለሰውም ሐኪም አይቶት፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ቦታ፣ ቀስ በቀስ ነው።

ለውድድር ተመዝግቤ ወራት ተለማምጃለሁ። ቀኑ ቢሞቅስ?

ይህ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው፤ ድካምዎ ይገባኛል። ካልሰረዙት ሰዓቱን ይሰርዙት፦ እንደ ረጅም ሶምሶማ ይሩጡት፣ በየውሃ ጣቢያው ይራመዱ፣ ማቋረጥን አስቀድመው ለራስዎ ይፍቀዱ። አዘጋጆቹ ካቆሙት ደግሞ ይቁሙ። በጥቅምት 2007 የቺካጎ ማራቶን ሙቀቱ ወደ 31 ዲግሪ ሲወጣ ሦስት ሰዓት ተኩል ከተሮጠ በኋላ እንዲቆም ተደርጓል፤ ብዙ ሰው አዘነ፣ ተቆጣም። ውድድር ግን በሌላ ዓመትም አለ።

ቤት ውስጥ በመሮጫ ማሽን ብሮጥ ያው ነው?

ክፍሉ ከቀዘቀዘ ጥሩ ምትክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይወቁ፤ ማሽን ላይ ወደ ፊት ስለማይሄዱ ሩጫው ራሱ የሚፈጥረው ነፋስ የለም፣ ላቡም ባለበት ይቀራል። ማራገቢያ ከፊት ለፊት፣ በደረት ከፍታ፣ ቀረብ አድርገው ያስቀምጡ፤ መስኮትም ይክፈቱ፣ የውጭው አየር ከክፍሉ የሚሞቅ ካልሆነ።